የእንዝርቷ ስምንተኛ ልኬት

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የትምህርት ዕቅድ እንዲጻፍበት የተሰጠኝ ነው። ሁለት ገጽ ዕቅድ አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ለማንም የማልነግረው ነገር ስለያዝኩ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

ረፋድ ላይ ከግልገል በለስ አቶ ደባልቄ ደወሉ። የሰብለወንጌል አጎት ናቸው። ሰብለወንጌል የማስተርስ ተማሪዬ ናት፤ የፊዚክስ አማካሪዋ እኔ ነኝ። እዚሁ አሶሳ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። «ስለሺ፣ ብቻህን ነህ?» አሉኝ። አልነበርኩም። እሷ ከአጠገቤ ተቀምጣ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች። ወደ ኮሪደር ወጣሁ።

ታምሩ ሞቷል። እሑድ ዕለት ከማንቡክ ወደ አሶሳ ሲመጣ የተሳፈረባት መኪና ላይ ተኩስ ተከፈተ። ሦስት ሰው ሞተ። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም። ትናንት ግልገል በለስ ተቀበረ።

ታምሩ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ማንቡክ የግብርና ባለሙያ ሆኖ እየሠራ እዚህ ያደረሳትም እሱ ነው። እንደሚመጣ አታውቅም ነበር። ድንገት ከች ብሎ ሊያስደስታት ነበር ያሰበው።

«እንዳትነግራት» አሉኝ አቶ ደባልቄ። «የካቲት ሃያ አይደል ጥናቷን የምታቀርበው? ታቅርብ። የእሷም ልፋት ነው፣ የእሱም ልፋት ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድር ሰዎች ይዘህ አርዳት፤ ከዚያ ይዘሃት ትመጣለህ። አርባው የካቲት ሃያ ሰባት ነው። ቀብሩ አመለጣት ወንድሜ፤ አርባው እንዳያመልጣት።»

«እሺ» አልኩ። ቀጥዬ «ዕቃው ተገኘ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቦርሳው ተገኝቷል አሉ። ስልኩም።

ተመልሼ ስገባ «ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም» አለችኝ። የስብሰባ ነገር ነው አልኳት።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ለባለቤቴ ለሕብረት ነገርኳት። ከማልቀሷ በፊት ሬዲዮውን ከፍ አደረገች። ማድ ቤታችንና የሰብሌ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ሬዲዮው ስለ ማዳበሪያ ያወራል፣ እሷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች። ሲበርድላት «በዚህ ጊዜ ማን ነው ና ያለው?» አለች። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት።

መርዶ ማዘግየት ክፋት አይደለም። አባቴ ሲሞት እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ እስክጨርስ አሥራ አንድ ቀን ጠብቀውኛል። ያኔ ተቆጥቼ ነበር። ኋላ ግን ደግነታቸው ገባኝ። ይህንንም እንደዚያ ነው ማየት ያለብኝ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ስለ ጥናቷ ልጻፍ። እጄ ሌላ ነገር ይልመድ።

እንዝርቷ የምንላት አንዲት ሩቅ ጋላክሲ ናት። በመዝገብ ያላት ስም ቁጥር ብቻ ነው፤ እንዝርት ያለቻት ሰብሌ ናት፣ ክንዶቿ በመሀሏ ዙሪያ እንደ ፈትል ስለተጠመዘዙ። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። እምብርቷ ንቁ ነው፤ መሀሏ ላይ ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ይስባል፣ ጋዙ ሳይዋጥ በፊት ግሎ ያበራል። አንዳንድ ወር ይደምቃል፣ አንዳንድ ወር ይፈዛል። ሰብሌ ይህንን መድመቅና መፍዘዝ በየወሩ ትለካለች። ቴሌስኮፑ ያለው ደቡብ አሜሪካ ነው። እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ረፋድ ስለሆነ የሰማይ ሥራችንን የምንሠራው የአሶሳ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያጋለችው ነው። ሰው ይስቅብናል።

ትናንት ሰባተኛው ልኬት መጣ። የእምብርቷ ብርሃን በሲሶ ቀንሷል። ሰብሌ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። «ልትጠፋ ነው እንዴ?» ከዚያ ረጋ ብላ «ወይስ እዚያ ደመና ነበር? ጋሼ፣ የጎረቤት ኮከቦቹን እርስዎ ይዩልኝ፤ እኔ ምዕራፍ አራትን ልጨርስ» አለችኝ።

ዘዴው ቀላል ነው። በዚያው ፎቶ ላይ ከእንዝርቷ አጠገብ የሚታዩ ሦስት ኮከቦች አሉ። እነሱም አብረው ከደበዘዙ ጥፋቱ የእንዝርቷ አይደለም፤ በመካከል ደመና ገብቷል ማለት ነው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የማስተምረው ነገር ነው።

ዛሬ ምሳ ስትወጣ ሦስቱን ኮከቦች ለካኋቸው። ሦስቱም በሲሶ ደብዝዘዋል።

ሰኞ እነግራታለሁ።

ጥር 26፣ ሰኞ

ክፍሉ ሰው ሞልቶ ነበር። አልነገርኳትም።

ለታምሩ ስትደውል አየኋት። አልሠራም። «ማንቡክ መቼም ኔትወርክ የለ» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። ለምዳዋለች። ስልክ ሲሠራለት እሱ መጀመሪያ የሚጠይቃት «እንዝርቷ ደህና አደረች?» ብሎ ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ስልኬ በጮኸ ቁጥር ወደ ኮሪደር እወጣለሁ። የእሷ ሲጮህ ደግሞ ማን እንደደወለ ለመስማት ሥራዬን አቆማለሁ። ፌስቡክ ለጥናቷ ስትል ካጠፋች ቆይታለች፤ ተመስገን። ግን ከግልገል በለስ የሚመጣ ነጋዴ አለ፣ የሚመጣ ታማሚ አለ፣ ገበያ ላይ የሚያገኛት ሰው አለ። ሕብረትን «ገበያ አብረሻት ሂጂ» አልኳት። «ፖሊስ ነኝ?» አለችኝ፣ ግን ሄደች።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ባቢከር ሰማ። የኮምፒውተር ክፍሉንና ጄኔሬተሩን የሚይዘው እሱ ነው፤ የአሶሳ ሰው ነው፣ ብሔረሰቡ በርታ። የእህቱ ልጅ ሹፌር ስለሆነ የመንገድ ወሬ ሁሉ ከእሱ ጋር ያድራል።

ጄኔሬተሩ ሥር ጠራኝ። «መምህር፣ የሞተው ሰውዬ የዚህ ልጅ ወንድሙ ነው?»

አዎ አልኩት።

«እሱ አያውቅም?» ወደ ክፍሉ በአገጩ አመለከተ። ባቢከር ሴትንም እሱ ነው የሚለው።

«ጥናቷን ስታቀርብ እንነግራታለን።»

«እኛ ጋር ሰው ሲሞት ያን ቀን ነው ሚነገረው። ጀናዛ አይቆይም፣ ወሬም አይቆይም። ለምን? ዱዓ አለ። ይሄ ልጅ እስከ ዛሬ ለወንድሙ ዱዓ አላደረገም። ወላሂ፣ እኔ ፈራሁ። ይስቃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ እኔ ፊቱን ማየት አልቻልም።»

የእናንተ ልማድና የእኛ ይለያያል አልኩት። «ልማድ እሺ» አለ። «ልማዱ ስንት ቀን ነው?»

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የእድሩ ዳኛ አቶ በቃሉ የመርዶውን ዝርዝር ሊነጋገሩ መጡ። ሰብሌ ቤት ስላልነበረች ሳሎን ተቀመጥን። የካቲት 21 ጎህ ሲቀድ፣ አምስት ሰው፣ ሕብረትና ሁለት ሴቶች ከኋላ። በማግስቱ ጉዞ። ዞሮ በአዲስ አበባ በኩል ስለሆነ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ለአርባው ይደረሳል።

ሲወጡ በሩ ላይ «ልጁ ጠንቃቃ ነበር አሉ» አሉ አቶ በቃሉ። «መንገዱን ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ክፍት ነው ብሎት መሆን አለበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

ሸኘኋቸው። ስመለስ በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩት፤ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ለአቶ ደባልቄ ደወልኩ። ስለ ጉዞው ልጠይቅ ነበር የደወልኩት። የታምሩ ስልክ ተዘግቶ ነው ያለው አሉ። «የሚከፍተው ጠፋ። ቁልፉን ሰብሌ ታውቀዋለች ይላሉ። በእጄ እሰጣታለሁ፤ የወንድሟ ድምፅ፣ የወንድሟ ጽሑፍ ነው ያለበት።»

ጥሩ ነው አልኳቸው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ዛሬ ነገርኳት። የነገርኳት ግን ሌላ ነው።

ጥናቷን አትማ፣ አስጠርዛ፣ ሦስት ቅጂ ይዛ መጣች። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። «ጋሼ፣ ፊርማዎ ብቻ ነው የቀረው» አለች። ገለጥኩት። ሰባተኛው ልኬት ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ይሄ ነገር እንዲህ ተንጠልጥሎ አይቀርብም» አልኳት። «እምብርቷ በእርግጥ ከፈዘዘ ትልቅ ግኝት ነው። ካልፈዘዘ ስህተት ነው። ስምንተኛ ልኬት ያስፈልጋል።»

«ኮከቦቹስ? አይተዋቸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ። ደህና ናቸው።»

ምላሴ እንዲህ በቀላሉ መታዘዙ ገረመኝ።

«የሚቀጥለው ተራችን የካቲት 29 ነው» አለች። «ማቅረቢያዬ ሊራዘም ነው ማለት ነው። ለታሜ የካቲት ሃያ ብዬዋለሁ። ፈቃድ ጠይቆ ይሆናል እኮ።»

«ያኔም ይመጣል።»

«ሰባተኛውን አውጥቼ በስድስቱ ብቻ ባቀርብስ? ስድስቱ በቂ ናቸው፣ እርስዎም ብለውኛል።»

ብያት ነበር። እውነትም በቂ ናቸው። «ሳይንስ የሚመቸንን መርጠን የምንጥልበት ሥራ አይደለም» አልኳት። ቃሉ ትክክለኛ ነው፤ ለተማሪ የሚባል ነው። አንገቷን ደፍታ ሦስቱን ሰማያዊ ቅጂ ሰብስባ ወጣች። ማቅረቢያው ለመጋቢት 4 ተቀጠረ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ሕብረት አብዳለች። «አርባው የካቲት ሃያ ሰባት! መጋቢት አራት! መቁጠር አቃተህ?» ድምፅሽን ቀንሺ አልኳት። «አንተ ነህ አማካሪዋ፤ ብትፈርም ያልቃል።» ሳይንሱን ላስረዳት ሞከርኩ። «እኔ ሳይንሱን አላውቅም። አንተን ግን አውቅሃለሁ። አንድ ነገር ፈርተሃል።»

ምን እፈራለሁ አልኳት።

አቶ ደባልቄ ግን አልተቆጡም፤ ይህ ባሰብኝ። «ጥናቷ ከተበላሸ ዓመት ይቃጠልባታል» አልኳቸው። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አሉ። «ለእሷ የሚበጀውን አንተ ታውቃለህ። እኔ አርባውን አወጣለሁ፤ ያለ እሷም ቢሆን አወጣለሁ። ምን ይደረግ ልጄ።»

የካቲት 14፣ ዓርብ

የሣር ቃጠሎው ጭስ ከተማውን ሞልቶታል። ዓይኔ ያቃጥለኛል። ክፍለ ጊዜ የለኝም፤ ከሰዓቱን ሙሉ ቢሮ ዘግቼ ተቀምጫለሁ። አሁን መጻፍ አለብኝ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ብተወውም ሆዴ አልፈጀውም።

ታምሩን መንገዱ ክፍት ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥር 16 ደወለልኝ። መምጣት አስቦ ነበር፤ መንገዱን እንዳጣራለት ጠየቀኝ። «ጋሽ ስለሺ፣ እርስዎ ካሉኝ ነው የምነሳው» አለኝ። እኔም ከኮሪደር አንድ ሹፌር «ዛሬ ከዚያ አቅጣጫ መኪና ገብቷል» ሲል ሰማሁ። ባቢከርን ልጠይቀው ነበር፤ ምሳ ሄዶ ነበርና አልጠበቅኩትም። በማግስቱ መልእክት ጻፍኩለት፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ና ብዬ። መኪናው የገባው በወታደር ታጅቦ መሆኑን የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ለእሷ ብዬ ነው። ወንድሟን እንድታይ ብዬ ነው። ሌላ ምን ምክንያት ይኖረኛል?

መልእክቱ ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ከእኔ ስልክ ካጠፋሁት ቆይቷል፤ ከእሱ ግን አይጠፋም። መርዶው በተነገረ ማግስት ስልኩ እጇ ይገባል። ስምንተኛውን ልኬት ግን በዚህ ምክንያት አይደለም ያዘዝኩት። ሁለቱ አይገናኙም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ። ሰብሌ ለሕብረት «ታሜ በጾም ሽሮ ያለ ቃሪያ አይበላም፣ ሲመጣ እንዳንረሳ» ስትላት ሰማሁ። ሕብረት ወደ ጓሮ ሮጠች።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ነበር። ፀሐይ። ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። እሷ ምዕራፍ አምስትን ታርማለች። ምንም።

የካቲት 21፣ ዓርብ

አቶ ደባልቄ በጠዋት ደወሉ። «ዛሬ ብትነግራት እንኳ ትደርሳለች» አሉ። «ጥናቱን ትታ ትመጣ ይሆናል፤ ግን ትደርሳለች።» ድምፃቸው ይለምናል። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ይለምኑኛል።

«ስምንት ቀን ብቻ ነው የቀረው ለልኬቱ» አልኳቸው።

«እንግዲህ» አሉ። ስልኩን ማን እንደዘጋው አላስታውስም።

ፈሪ ሰው ክፉ ነው። ፈሪ እንደሆንኩ ሁልጊዜም አውቅ ነበር፤ ክፉ እንደሆንኩ ግን አላውቅም ነበር።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ባቢከር ረመዳን ይዟል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጄኔሬተሩን አስነስቶ ሲያልፍ «መምህር፣ ስንት ቀን ሆነ?» አለኝ። ሠላሳ ሰባት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ዱዓ አደረግኩለት። አላውቀውም ግን አደረግኩ። አንድ ሰው ማድረግ አለበት።»

የካቲት 27፣ ሐሙስ

የታምሩ አርባ።

ግልገል በለስ ዛሬ ቄስ አለ፣ ድንኳን አለ። እዚህ ሕብረት ንፍሮ ቀቀለች። «አንድ ነገር ሳላደርግ አልውልም» አለችኝ፤ አልከለከልኳትም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ለነዳያን አካፍላ የተረፈውን በሳህን ይዛ ተመለሰች።

ምሳ ሰዓት ሰብሌ በማድ ቤቱ በር ብቅ አለች። «ንፍሮ! የማን ነው?»

ሕብረት ተንተባተበች። «የአንድ… ዘመድ። አርባው ነው።»

«ነፍስ ይማር» አለች ሰብሌ። እጇን ታጠበች፣ ከሳህኑ በእፍኟ ዘገነች፣ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ በላች። «ልጅ ነበር ትልቅ ሰው?»

«ልጅ» አለች ሕብረት።

«ወይኔ። እህት ወንድም አለው?»

እኔ ከሳሎን እሰማለሁ። ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። መግባትም እችል ነበር፤ አምስት እርምጃ ነው፤ ሳህኑን ከእጇ ወስዶ መንገር። ከወንበሩ አልተነሳሁም። ጋዜጣ ይዤ ነበር፤ ጋዜጣው የባለፈው ሳምንት ነበር።

«አለው» አለች ሕብረት።

«እግዜር ያጽናት» አለች ሰብሌ፣ ሌላ እፍኝ ዘገነች።

እህት መሆኗን ማን ነገራት? ማንም አልነገራትም። እንዲሁ አፏ ላይ መጣ።

ሕብረት ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ የፈራሁት ገና አልደረሰም፤ ሌላው ሁሉ ግን ደርሷል።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስምንተኛው ፎቶ መጣ። ሰብሌ ለካች። እምብርቷ እንደ ታኅሣሥ ነው፣ ያው ድምቀት። አልፈዘዘም።

የሰባተኛውን ፎቶ እንደገና ከፈተችው። የምታደርገው ገባኝ፤ ግን ምን ብዬ ላስቁማት? ኮከቦቹን አንድ በአንድ ለካቻቸው። ደቂቃም አልፈጀባት።

«ደመና ነበር» አለች። «ሦስቱም ደብዝዘዋል። ጋሼ፣ ሲያዩዋቸው አልታየዎትም?»

«አምልጦኛል።»

አየችኝ። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ይህቺ ልጅ ፈገግ አለችልኝ። «ይሁን፣ ሰው ነን። ዓይንዎ ሰሞኑን ቀልቷል፤ ጭሱ ነው።» እንዝርቷን በስክሪኑ ላይ በጣቷ ነካ አደረገቻት። «አንቺ ምንም አልሆንሽም ለካ፤ በከንቱ አስጨነቅሽን» አለቻት።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

አቀረበች። ሠላሳ ደቂቃ፣ ያለ ወረቀት። ባቢከር ከኋላ ቆሞ ነበር። የውጭ ፈታኙ ልክ እንደፈራሁት ሰባተኛው ላይ አቆማት። «የጎረቤት ኮከቦቹን ወዲያው ብታዪ ኖሮ አንድ ወር ባልጠፋ» አላት። እኔ ከፊት ረድፍ ተቀምጫለሁ። ተነስቼ መናገር እችል ነበር።

«ልክ ነው» አለች። «ማየት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በጣም ጥሩ ብለው አሳለፏት። ስትወጣ መጀመሪያ ያደረገችው ለታምሩ መደወል ነው።

አቶ ደባልቄ ማታ ገብተው አቶ በቃሉ ቤት አድረዋል። ነገ ጎህ ሲቀድ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯን አንኳኳን። ከፈተች። አጎቷን አየች፣ ነጠላውን አየች። «ታሜ ነው?» አለች።

ጩኸቷን አልጽፈውም።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሴቶቹ ደግፈዋት ተቀምጣ «መቼ?» አለች። አቶ ደባልቄ «ጥር አሥራ ስምንት» አሉ። ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ። ይህቺ ልጅ ቁጥር አይጠፋባትም፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ቆጠረች።

«አርባው አልፏል» አለች።

«ጥናትሽን እንዳናበላሽብሽ ብለን ነው ልጄ።»

«ጥናቴ የካቲት ሃያ ነበር።» ዞራ እኔን አየችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ገና እየደመረች ነበር። ከዚያ ወደ ሕብረት ዞረች። «ንፍሮው…» አለች። «እትዬ ሕብረት፣ ያ ንፍሮ…»

ሕብረት እግሯ ላይ ወደቀች።

አቶ ደባልቄ ቦርሳውንና ስልኩን ከፍራሿ ራስጌ አስቀመጡላት።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ሦስት ቀን ሆነ። ድንኳኑን አፈረሱ። አግዳሚዎቹን እየጫኑ ሳለ ሕብረት መጥታ «ትፈልግሃለች» አለችኝ። ከአርባው ወዲህ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ሰብሌ ወለሉ ላይ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። የታምሩ ስልክ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ገመዱ ከግድግዳው ጋር እንደተሰካ ነው።

«ከፈትኩት» አለች። ድምፅ አልቀራትም። «ማንበብ ግን አልቻልኩም። ዓይኔ አብጧል፣ ፊደሉ ይሸሸኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ። የመጨረሻውን ብቻ። ከመነሳቱ በፊት የመጨረሻ ያየውን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ስልኩን ተቀበልኳት። መልእክቱ እዚያው ነበር። በአንድ ጣት የሚጠፋ ነገር ነው። ምንም የለም ማለት ይቻል ነበር፤ የባንክ ማስታወቂያ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሕብረት በሩ ላይ ባትቆም አጠፋው ነበር ወይ? አላጠፋውም ብዬ ልጽፍ ነበር። አልጽፍም።

«‹ታሜ፣ መንገዱ ክፍት ነው። ትናንት መኪና ገብቷል። ምንም አትፍራ፣ ና›» ብዬ አነበብኩላት።

«ከማን ነው?»

«ከእኔ።»

ውጭ አግዳሚዎቹን ይጭናሉ። አንዱ ወደቀና ሰውየው ተሳደበ። እሷ አልጮኸችም፣ ስልኩንም ከእጄ አልነጠቀችኝም።

«ቀጥል» አለችኝ። «አላለቀም። አንብብ።» ለካ አስቀድማ አንብባዋለች።

የቀረችው አንድ መስመር ናት፤ ለሕብረትም ለዚህ ደብተርም ያልነገርኳት። አነበብኩላት።

«‹ለጠጅ የምትሆነኝን ማር፣ አንድ ጀሪካን፣ እንዳትረሳብኝ።›»